ብቸኛው ሳሚ

በስደት፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ውስጥ የሟች ጓደኛዬን ልጅ ሳራን አሳድጋለሁ። አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው፤ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ሥራ አግኝታለች፣ ብቻዋን ልትኖር ነው። ስልክ ከያዘች ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተለያይተን እየኖርን ድምፅዋ ይናፍቀኛል። ብጠራት በዓረብኛ «ጠይብ»፣ እሺ ለማለት፣ ብላ ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

አንዱ አታላይ በፌስቡክ እንዳያጠምዳት ሰጋሁ። እስቲ ልፈትናት ብዬ «ሳሚ» በሚል የወንድ ስም ገጽ ከፈትኩና ጻፍኩላት።

«ቆንጆ፣ እንተዋወቅ? ብቸኛ ነኝ።»

ብቸኛ ነኝ ያልኩት እንኳ ውሸት አልነበረም።

መልሷ ወዲያው መጣ፦ «ከማላውቀው ሰው ጋር አላወራም።»

ከደስታዬ ብዛት ሳሚነቴን ረሳሁትና «ተባረኪ ልጄ! ማርያም ትጠብቅሽ!» ብዬ ላክሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጮክ ብላ፣ «አሜን!» አለች።