ተራራው የጨለመ ጊዜ

ወለል ሳነጥፍ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሌሎች ሲያነጥፉ ቆሜ እያየሁ ለመድኩ። ንባብንም እንዲሁ በራሴ ነው ያገኘሁት። እብነ በረድ ከመነጠፉ በፊት በጣት አንጓ ይመታል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ልጄንም ያሳደግኳት እንደዚያ ነው፣ የምትናገረውን ሁሉ እየመታሁ። እናቷ ቀድማ ስለሞተች በመካከላችን ገብቶ የሚያለዝበኝ አልነበረም።

ልጄ እዚሁ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። አንድ ቀን ፊልም ልትሠራ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ስለ ምን?»

«ስለ ድንጋይ። የከሰላ ተራሮች፣ ማዕድናቸው፣ በጣም ከቅርብ።»

«ሰውስ?»

«ሰው አይታይበትም።»

«ታሪኩስ?»

«ታሪክም የለውም፣ ያባ። ሙከራ ነው።»

«እንግዲያው ሲሳካልሽ ጥሪኝ» አልኳት።

ከሰላ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ድንጋይ በየቀኑ ጉልበቴ ሥር አለ ብዬ እምቢ አልኩ። ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። በአንድ ዓርብ ግቢያችን ውስጥ እብነ በረድ እየመታሁ ስለይ ትንሽ መቅረጫ አጠገቤ አኖረች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ፊልሙ የታየው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ነው። የተተኮሰ ጀለብያዬን ለብሼ ኋላ ተቀመጥኩ። ተራራው ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። ቀጥሎ ከአሸዋ የማትበልጥ ቅንጣት ግድግዳውን ሞልታ እንደ ዓሣ ቅርፊት አብረቀረቀች። ከዚያ ሁሉም ጨለመ።

ካርቱም ውስጥ ሲጨልም ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ካህረባው ጠፋ አልኩ በልቤ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሐፍላው፣ ወደ አውቶቡሱ፣ ከመጋፋቱ በፊት ብዬ ወጣሁ። ውጭ ስደርስ የጎረቤቱ ሱቅ መብራት በርቷል። አየሁት። መብራት እንዳልጠፋ ገባኝ፤ ግን አልተመለስኩም። ፊልሙ ስላልገባኝ መውጫ ማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስትመጣ «መጨረሻውን እንዴት አየኸው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው። ረጋ ያለ ነው።»

ትንሽ አየችኝና «ሹክረን» ብላ አመስግናኝ ክፍሏ ገባች። በልጅነቷ በትንሽ ውሸት ግድግዳ ሥር አቁሜ የቀጣኋት እኔ ነበርኩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ከጎረቤቶች ጋር ወደ ካይሮ ወጣች። እኔ ቤቱን ልጠብቅ ቀረሁ። ዘራፊዎች ካራቆቱት ወዲህ የሚጠበቀው በእጄ ያነጠፍኩት ወለልና አንድ ብርጭቆ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው የራሴ ሳል ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው ሲያስል ከሰማሁ ሰነበትኩ።

በቅርቡ የስልክ መስመር ሲመለስ ፊልሙን ላከችልኝ። ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ጨለማው ሲመጣ ስልኬ ባትሪ የጨረሰ መሰለኝ። ከዚያ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። የእኔ ጣት ነው። ቀጥሎም ድምፄ መጣ፦ «ይኼ ደህና ነው። ይኼም ደህና ነው። ይኼን ለብቻው አስቀምጪው።» ጨለማው ረዘም ያለ ነው፤ በውስጡ ከእኔና ከድንጋዩ በቀር ማንም የለም። ከዚያ ተራራው ላይ ፀሐይ ወጣችና ፊልሙ አለቀ።

ስልኩን አፌ አጠገብ ይዤ፣ «ያኔ ዋሽቼሻለሁ። ካህረባ የጠፋ መስሎኝ ወጣሁ፤ አለመጥፋቱን አይቼም አልተመለስኩም» ብዬ ድምፄን ላክሁላት።

ከቀትር በኋላ፣ የዐሱር ሶላት እንዳበቃ መልሷ መጣ። «አውቃለሁ፣ ያባ። በአዳራሹ መስኮት ሐፍላ ስትጠብቅ አየሁህ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?» ብዬ ጻፍኩ።

«ሲሳካልሽ ጥሪኝ ብለኸኝ ነበር። መሳካቱን አላወቅኩም።»

መልስ ጽፌ አጠፋሁ፤ ደግሜም ጽፌ አጠፋሁ። የምጽፈውን ሁሉ ብመታው ድምፁ የታፈነ ነው። በመጨረሻ «ተሳክቶልሻል» የሚለውን ብቻ ልኬ፣ ፊልሙን ከጨለማው ጀምሬ እንደገና ከፈትኩት።