በረዶ የነካው መርፌ

ነጭ የደም ሴሎች የሰውነት ወታደሮች ናቸው እያልኩ ድሬዳዋ ውስጥ ስንቱን ልጅ እንዳስተማርኩ እግዜር ይቁጠረው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ ክብ እሥላለሁ፣ ክቡ ውስጥ ነጥብ ነጥብ አደርጋለሁ፣ "እነዚህ ባይኖሩ ጉንፋን ይገድለን ነበር" እላለሁ፣ ተማሪው ይጽፋል። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘና ሐረር እየተመላለስኩ ኬሞ ጀመርኩ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሐኪሙ የደም ውጤቴን አይቶ ነጭ የደም ሴሎችሽ በጣም አንሰዋል ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ ብዬ አፈርኩ።

ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ አስረዳኝ። ከሦስተኛው ኬሞ ማግስት ጀምሮ ለአምስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ መርፌ ከቆዳ ሥር እወጋለሁ። መርፌው መቅኔዬን ቀስቅሶ ነጭ የደም ሴል ያስመርተዋል። ቁጥሩ ካልተነሣ ግን አራተኛው ዙር ይዘገያል። "በሽታው ደግሞ ቀጠሮ ሲዘዋወር አብሮ አይዘዋወርም" አለኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማብራሪያ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እኔም አልሰጠሁም።

የመጀመሪያውን መርፌ እዚያው ሐረር ነርሷ ወጋችኝና አወጋጉን አስተማረችኝ። ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ አድርጎ፣ ቦታውን በየቀኑ እየቀየሩ። መርፌውን መነቅነቅ የለም። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በረዶ ግን አይነካውም። ከመወጋቴ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጥቼ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ እጠብቃለሁ። የድሬን ክፍል የማያውቅ ሰው የጻፈው መመሪያ ነው፤ የኔ ክፍል በግማሽ ሰዓት እንቁላል ይቀቅላል።

"ትኩሳት ከተሰማሽ ዋል አደር ሳትዪ ወዲያው ነይ" አለችኝ።

"ድሬ ውስጥ ትኩሳቱን ከአየሩ በምን እለየዋለሁ?"

"በቴርሞሜትር" አለች። ቀልድ የማትወድ ሴት ናት።

አራቱን መርፌዎች በትንሽ የበረዶ ሣጥን ይዤ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ድሬ ገባሁ። መርፌዎቹ በረዶውን እንዳይነኩ ነርሷ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላቸው ነበር። ቤቴ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ልጆቼ ሌላ ከተማ ስለሆኑ ብቻዬን እኖራለሁ። ፍሪጄን መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጥሎት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። መርፌዎቹን የት ላድርጋቸው ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ጥግ ላይ ያለችው ባለሱቅ ነበረችኝ።

ስለ እሷ ትንሽ ልናገር። አፏን በሶማልኛ የፈታች፣ አማርኛውን ከሱቋ ደንበኞች የለቀመች ሴት ናት። አራት ልጆቿን አስተምሬላታለሁ። ሀገሬው አንቱታ ስለማይወድ እሷም አንቺ ትለኛለች፣ ስሜን ግን ጠርታኝ አታውቅም፤ ቲቸር ነኝ። ከታመምኩ ጀምሮ ምሳዬን ሳትልክልኝ ውላ አታውቅም። መርፌዎቹን ስሰጣት "ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪልኝ" አልኳት። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኬን "ጥያቄውን አንብቡ፣ መመሪያውን ሙሉ ጻፉ" እያልኩ የኖርኩ ሴት የመመሪያውን ግማሽ ዋጥኩት።

በሁለተኛው ቀን መርፌውን ራሷ አመጣችልኝ። ሱቋን ለሰው ትታ መጥታ ስወጋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። ሌሊት አጥንቴ ውስጥ ሕመም ገባ፤ ዳሌዬን፣ ወገቤን፣ የደረቴን አጥንት። ነርሷ ይህ መቅኔው መሥራቱ ነው ብላኝ ስለነበር በደስታ አቃሰትኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ፣ ከቀትር በኋላ ተመለሰ። አመሻሽ ላይ ባለሱቋ በፌስታል የያዘችውን አስረከበችኝ። መርፌው ነጭ ድንጋይ ሆኗል። ብርጭቆው ላይ አመዳይ ተጋግሯል።

"አቦ ቲቸር፣ መብራቱ ሲጠፋ ልቤ ጠፋ" አለች። "እንደመጣ ሦስቱንም ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። የሚሸጠውን ውሃ አውጥቼ ነው ቦታ የሰጠኋቸው። ወላሂ፣ ከዚህ በላይ የሚቀዘቅዝ ቦታ ድሬ ውስጥ የለም።"

ይህን ለመረዳት ድሬ መኖር ያስፈልጋል። እኛ ጋ ለብ ያለ ውሃ ለእንግዳ መስጠት ነውር ነው። የተከበረ ሰው ሲመጣ በረዶ የሆነውን ጠርሙስ ይዘን እየወቀጥን እናቀርባለን። ባለሱቋ ለመድኃኒቴ ያደረገችው ለአማቿ የምታደርገውን ነው። በዚያ ሙቀት ሮጣ፣ ላቧ በሻርፗ ስር እየወረደ፣ ፊቴን እያየች ምስጋና ትጠብቃለች።

ማድረግ የነበረብኝን አውቅ ነበር። ስልክ አንስቼ ሐረር መጠየቅ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ስልኩን ካነሣሁ ትሰማለች። ከሰማች የኔን መድኃኒት እንዳበላሸች ታውቃለች። ምሳዬን ስትልክ የከረመችን ሴት እንዴት ብዬ? ይሉኝታ ካንሰርን አይፈራም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" አልኩና መርፌው እስኪሟሟ የልጆቿን ነገር እየጠየቅሁ ቆየሁ። ከዚያ እሷ ፊት ተወጋሁት።

"አመመሽ?"

"ኧረ ምንም።"

ያን ሌሊት አጥንቴ አላመመኝም። ሳላቃስት ነጋ፤ በሕይወቴ ሕመም ባለመኖሩ እንደዚያ የፈራሁበት ሌሊት የለም። አራተኛውንና አምስተኛውንም ግን እንደዚያው አሟሙቼ፣ እንደዚያው አመስግኜ ተወጋኋቸው። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበር፦ አንዴ በረዶ ሆነዋል፣ ቢያንስ የሰው ልብ አልስበር። አስተማሪ ሞኝነቱንም በምክንያት ነው የሚያስረዳው።

ለምርመራ ሐረር ስሄድ ቁጥሩ አልተነሣም። ሐኪሙ አራተኛውን ዙር አዘገየው። "መድኃኒቱን በደንብ አስቀምጠሻል?" ሲለኝ "ፍሪጅ ውስጥ" አልኩት። ፍሪዘርም የፍሪጅ ዘመድ ነው ብዬ ውሸቱን በቤተሰብ አስታረቅሁት። ቀልድ የማትወደው ነርስ ግን በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

"ማን ጋ ነው ያስቀመጥሽው?"

ማን ጋ ስትለኝ ሁሉንም ተናገርኩ። አልተቆጣችም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። በረዶ የሆነ መድኃኒት ይሥራ አይሥራ በዓይን አይታወቅም፣ ስለዚህ ሳይጠየቅ አይወጋም አለችኝ። ቁጥሩ ያልተነሣው በሱ ይሁን በሌላ ምክንያት ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ እንደማይችልም ነገረችኝ። ለሐኪሙ ራሷ አስረዳችልኝና አዲስ አምስት መርፌ ታዘዘልኝ።

ቤት ስመለስ ለባለሱቋ የምነግራትን ታክሲ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ ፍሪጄ ተጠግኖልኛል፣ ከአሁን በኋላ አላስቸግርሽም። እንደደረስኩ ነገርኳት፤ ጥሩ ውሸት ነበር። ችግሩ፣ ፍሪጅ ጠጋኙ ሲጋራ የሚገዛው ከእሷ ሱቅ መሆኑን መርሳቴ ነው። ሰውየው ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ፍሪጁ አይነካም ብሏታል። ያን ቀን ከሰዓት መጣች፣ ኩሽናዬ ገባች፣ የፍሪጁን በር ከፈተች። ውስጡ ጨለማና ሽንኩርት ነው። አዲሶቹን መርፌዎች የያዘው የበረዶ ሣጥኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጧል።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አለች።

ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ጥፋቱን ወደ መብራቱ፣ ወደ ሙቀቱ፣ ወደ እኔ ግማሽ መመሪያ እየገፋሁ ነገርኳት። ሁሉም እውነት ነበር፣ ግን እሷ ያን አልሰማችም።

"ያመጣሁልሽ ቀን አውቀሻል?"

"አውቄያለሁ።"

"ፊቴ ተወጋሽው።"

"ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ቅር እንዳይለኝ ልትሞቺ ነበር" አለች። "ከዚያ እኔ ምንም ሳላውቅ ለቅሶሽ ላይ ተቀምጬ፣ ምን ጥሩ ጎረቤት ነበረች እያልኩ አለቅስ ነበር። ይሄ ነው ለኔ ያሰብሽው ደግነት?"

ካንሰር ነው ሲሉኝ አላለቀስኩም። ፀጉሬ ትራሱ ላይ ሲቀር አላለቀስኩም። ያን ጊዜ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወደኔ ልትመጣ ተነሥታ፣ በሽታ እንዳታስተላልፍብኝ አስታውሳ ነው መሰለኝ፣ መሀል ወለሉ ላይ ቆመች። እኔም ነይ አላልኳትም።

አዲሶቹን መርፌዎች እዚያው የእሷ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከበረዶው ቤት ርቀው፣ እኔ በአማርኛ በጻፍኩት እሷም በቃሏ በያዘችው ሙሉ መመሪያ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወዳለው ጎረቤቷ ሆቴል ፍሪጅ ታዛውራቸዋለች፣ ቀድማም ትደውልልኛለች። ለጥየቃ የሚመጣውን ሰውም ደጄ ላይ ቆማ "ከሩቅ ሰላም በላት፣ ሃዬ፣ በቃ፣ ሂድ" ትለዋለች። ስወጋ ግን መጥታ ማየቷን ተወች።

ቁጥሩ ተነሣ። አራተኛው ዙር ተሰጠኝ፣ ከዚያ አምስተኛው፣ ከዚያ ስድስተኛው። ቁጥሩ መነሣቱን የሰማሁ ዕለት ከሐረር ሆኜ ቀድሜ የደወልኩት ለእሷ ነው።

"ተነሥቷል፣ ደህና ነኝ" አልኳት።

በስልኩ ውስጥ የሱቁ ጫጫታ ይሰማኛል።

"ወረቀቱን አምጪና አሳዪኝ" አለች።

ወረቀቱን ወስጄ አሳየኋት። ልጇን ጠርታ አስነበበችው። ይኸው ሕክምናዬን ከጨረስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በሱቋ በር ሳልፍ እንዴት አደርሽ ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ፣ አታምነኝም።