የጋሼ ይበልጣል የሌሊት መነጽር

እኔ ኸይሪያ በሕይወቴ «ዝም በይ» ተብዬ እንጂ «ተናገሪ» ተብዬ አላውቅም። አባያ ሐይቅ ዳር ሱቅ ከፍቼ ስኖር ምላሴን ያልቀመሰ ዓሣ አጥማጅ የለም። አንድ ቀን ብቻ ዝም አልኩ። ምነው ያን ቀን አፌ በተከፈተ ኖሮ!

ጋሼ ይበልጣል የጎጃም ሰው ናቸው። ወታደር ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን አርባ ምንጭ ቀሩ፣ እዚሁ አረጁ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ያላቸው አንድ አሮጌ የጦር ሜዳ መነጽር ነው፤ በጨለማ የሚያሳይ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ። ያገለገለ የወታደር ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዙት። የባትሪ ድንጋዩን ከእኔ ይወስዳሉ። «ጋሼ፣ ሚስት ቢያገቡ ይሻልዎት ነበር፤ ይኼ ብረት ድንጋይ ጨረሰ» ስላቸው ይስቃሉ።

ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው በሱ ያያሉ። ጉማሬ ወደ ታንኳ ሲጠጋ ፊሽካ ይነፋሉ። አጥማጆቹም ፊሽካ ካልሰሙ ደህና ነው ብለው ይቀዝፋሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። የባዩሽ ልጅ፣ አጥማጁ በርናባስማ «ጋሼ ካሉ እናቴም እንቅልፍ ይወስዳታል» ይል ነበር።

ቤታቸው ስለሚያፈስ መነጽሩ ቀን ቀን የሚቀመጠው እኔ ሱቅ ነው። «አደራ ኸይሪያ፣ ቀን እንዳታበሪው። ፀሐይ ካየ አበቃለት» ብለውኛል። እኔን ምን አቅብጦኝ! አንድ ቀትር ላይ ገበያው ቀዝቅዞ፣ እኚህ ሰውዬ ምን እያዩ ነው የሚያመሹት ብዬ ክዳኑን አነሳሁ። ወደ ሐይቁ አዙሬ ማብሪያውን ተጫንኩት። አረንጓዴ ብርሃን ቦግ አለ፣ ከዚያ ድርግም። ቶሎ መልሼ ከደንኩት። ሲመሽ ጋሼ መነጽሩን ሊወስዱ መጡ።

«ደህና ዋለ?»

«ደህና» አልኩ።

ያን ማታ ጋሼ በመነጽሩ ሲያዩ ጭጋግ ብቻ ሆነባቸው። ሐኪም «የዓይን ሞራ ጀምሮዎታል» ብሏቸው ስለነበር የጠረጠሩት ዓይናቸውን ነው። ያሻሉ፣ ያያሉ፣ እንደገና ያሻሉ። ፊሽካው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ጩኸቱን እኔም ከቤቴ ሰማሁት። ጉማሬ የበርናባስን ታንኳ ገልብጦታል። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

ለቅሶው ላይ ጋሼ ባዩሽ እግር ሥር ወድቀው «ዓይኔ ከዳኝ፤ ልጅሽን የበላሁት እኔ ነኝ» እያሉ አለቀሱ። ባዩሽ ፊቷን አዞረች። ሰውም «ካላዩ ለምን አይናገሩም ነበር?» አለ። እኔ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነበር።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣

«እንግዲያ ዓይኔ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ለባዩሽ እነግራታለሁ።»

«እንዳታደርጊው!» አሉ፤ የድሮው የወታደር ድምፃቸው ተመለሰ። «አንቺ ልጆች አሉሽ፣ እንጀራሽም እዚሁ ነው። እኔ ምን ቀረኝ? የሽማግሌ ዓይን ጠፋ ቢባል ማንን ይገርማል? በእኔ ይቅር።»

እኔም ፈሪዋ እሺ አልኩ። መነጽሩ ሱቄ ውስጥ ታች መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። ሐይቁ ዳር የሚቀመጥ ሰው የለም። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሲመሽ አያዩም ስለተባለ፣ እጃቸውን ይዤ ቤታቸው አደርሳቸዋለሁ። በባዩሽ ደጅ ስናልፍ በዱላቸው መሬቱን ይዳብሳሉ። ሰው «ኸይሪያ ደግ ናት፣ ጌታ ይባርካት» ይላል። ወላሂ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ማታ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል፣ መብራትም ጠፍቷል። ሰው ያለበትን አልፈን ኩርባው ጋ ስንደርስ ጋሼ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«ከፊትሽ ጉድጓድ አለ ልጄ፤ በዚህ በኩል እለፊ» አሉኝ።