ለትልቁ መኪና የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት ልጄ ናታን እዚህ ኬንያ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ቤቱ በር ላይ ጎማው ወገቤ ድረስ የሚደርስ ጥቁር መኪና አሳየኝ። ለሙከራ ያመጣው ነው። «ማሚ፣ ትልቅ ስለሆነ ለቤቢው ሴፍ ነው» አለኝ። ይህን ወሬ ድሮ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚሁ ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ መስፍንና ከሚስቱ ከሰላም ጋር እኖር ነበር። ጋሼ ላንድክሩዘሩን በሞያሌ በኩል ከአገር ቤት ነድቶ ያመጣው ስለነበር መሪው በግራ ነው። ኬንያ ደግሞ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ስለሆነ፣ የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣው አይታየውም። ስለዚህ በቀኝ የተቀመጠችው ሰላም አንገቷን አስግጋ «ሂድ» ወይም «ቆይ» ትለዋለች። በትዳራቸው እሷ የምታዝበት ቦታ እሱ ብቻ ይመስለኛል፤ እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ ቃሏን አይሰማም። መኪናውን እንዲቀይር ስትለምነው «ይሄ ታንክ ነው፤ ማን ይነካናል?» ይላት ነበር።

በዝናቡ ወራት ወደ ናይቫሻ ከተማ ስንሄድ፣ መንገዱ ቁልቁል መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ሎሚና ሚጥሚጣ የተቀባ የበቆሎ ጥብስ ገዛን። ጉሙ ገና አልተነሳም። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይንፏቀቃል። ጋሼ ሰለቸው።

«ቆይ» አለች ሰላም። «መስፍን፣ ቆይ አልኩህ እኮ።»

ሊቀድም ወጣ። ከወዲያ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና መጣች። የእኛ መኪና ከክብደቱ የተነሳ ቶሎ አይቆምም፣ በድንገት ቢጠመዝዙትም ይገለበጣል። ትንሿ ግን እጥፍ ብላ አመለጠችንና ቦዩ ውስጥ ገባች። ሹፌሩ አስተማሪ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ከአደጋ የተረፈ ሰው በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ወጥቶ መመስከር ልማዳችን ነው። በማግስቱ እሁድ ጋሼ ቆመ። «ጭረት እንኳን አልነካንም» አለ፤ የመኪናውንም ጥንካሬ አልረሳም። ጉባኤው እልል አለ። ሰላም አቀርቅራ ነበር። ስለ አስተማሪው አንድ ቃል አልተነሳም። ቤት ስንገባ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ለሱማ ጸልየናል» አለኝ፣ ምሳውን እየበላ።

ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት፤ ዛሬም ታርቄዋለሁ ብል እዋሻለሁ። እኛን ያተረፈን የመኪናችን ግዝፈት አልነበረም። የዚያች መኪና ማነስና የሰውየው እጅ ፍጥነት ነው።

«ታዲያ ልግዛው?» አለኝ ናታን።

«ግዛው። ልትመሰክር የወጣህ ቀን ግን እንዳትጠራኝ።»

አልገባውም። እሱ የሚያውቀው አጎቱ በየበዓሉ የሚተርክለትን ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሌላ መኪና የለም።