ተቀምጦ የሚተኛው ቅዱስ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጉልበት ነው። አንድ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከእሱ ጉልበት እስከ ግድግዳው ያለችው ቦታ የእኔ ድርሻ መሆኗ ነው። ክፍሏ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ ሰው እግሩን አይዘረጋባትም። ዘበኛው በሶማልኛ አጉረምርሞ ገፋኝና ቆለፈው።

ወንጀሌን ልንገራችሁ። ከድንበር ማዶ፣ ዶራሌ ወደብ መንገድ ላይ ከነጭነታችን ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ባልደረባችን ጋቢናው ውስጥ በሙቀት ሞተ። እኛ ሾፌሮች ሞተር አጥፍተን ጥላና ውሃ ጠየቅን። ይህ ፖለቲካ ነው ተባልን። እሺ፣ ይሁን። ውሃ መጠየቅ ፖለቲካ ከሆነ የተጠማ ሁሉ ፖለቲከኛ ነው።

መርማሪው ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል ሰው ነበር።

«ሞተር አጥፉ ያለው የትኛው ነው? ከያዝናቸው መሀል ጠቁመህ አሳየኝ። ትልቁ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አለ፤ ተዘርግተህ ትተኛለህ» አለኝ።

ሞተር አጥፉ ያለውን አውቀዋለሁ። ስንት መንገድ ከአንድ ሰሃን በልተናል። ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ወዳጅ የለውም። ቀናት ሲያልፉ ጣቴ ራሷ መጠቆም አማራት።

አብሮኝ የታሰረው ጎልማሳ ከከምባታ ነው። የካቶሊክ ፍራንቸስካውያን ገዳም ውስጥ ቆይቶ የወጣ፣ ወደ የመን ሊሻገር ሲል የተያዘ።

«ጋሼ፣ አንድ ቅዱስ ነበረን» አለኝ፤ «እስፓኛዊ መነኩሴ፣ የድሮ ዘመን ሰው። ክፍሉ ከዚህች አትበልጥም። ተቀምጦ ነበር የሚተኛው፤ ግድግዳው ላይ ችካል መትቶ ራሱን እሷ ላይ ያሳርፋል።»

«ማን አስሮት?»

«ማንም። ራሱ ነው።»

«እብድ ነዋ!»

ሳቀ። «እኛም እንዲያ እንል ነበር፤ አለቃችን ሳይሰማ።»

«ምን እያለ ነው ታዲያ የሚጸልየው?»

«ብዙ አይልም። ዝም ብሎ አምላኩ ፊት ይቆያል። ዓይኑንም ከመሬት አያነሳም። የገዳሙን ወንድሞች የሚለያቸው በድምፃቸው ነበር።»

«እኛስ ዝም ብለን አይደል የተቀመጥነው? ቅዱስ ሆንና!»

«እኛማ ተቆልፎብን ነው፣ ጋሼ። የእሱ በር ክፍት ነበር።»

ይህቺን ነገር ሳላምጣት ዋልኩ። የከምባታው ሰው እውነትም ተቆልፎበታል። የእኔ በር ግን አንድ ጣት ባነሳ ይከፈታል። እንግዲያው ክፍት ነው ማለት ነው! እዚህ ያስቀመጠኝ መርማሪው አይደለም፤ እኔው ነኝ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ክፍሏ ጋቢና መሰለችኝ። ሾፌር አይደለሁም እንዴ? ስንት ዘመን መሪ ላይ ተደፍቼ አሸልቤያለሁ! ክንዶቼን ጉልበቴ ላይ አጣምሬ መሪ አደረግኳቸው፤ ግንባሬን ጣልኩባቸው። የቀሰቀሰኝ የከምባታው ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ቅዱሱ እንኳ አያንኮራፋም ነበር።»

በማግስቱ ጠሩኝ። ሾፌሮቹን ኮሪደሩ ላይ አሰልፈዋቸዋል። ቀና ካልኩ ዓይኔ ወዳጄ ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ዓይን ደግሞ ከጣት በላይ ይጠቁማል። አቀረቀርኩ። የሚታየኝ የነጠላ ጫማ ሰልፍ ብቻ ሆነ።

«ቀና በል!» አለ መርማሪው።

«አልልም።»

«ፍራሹን አልፈለግከውም?»

«ተኝቻለሁ። ደህና አድርጌ ነው የተኛሁት።»

በጥፊ መታኝ። ቀና አላልኩም። ያኔ ከሰልፉ መሀል አንድ ሰው ሳል አለ። በድምፁ ለየሁት።

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጠው እኛን ሾፌሮቹን ለቀቁን። የከምባታው ሰው ባሕሩን ይሻገር አይሻገር አላወቅኩም።

ፊደል የቆጠርኩት ከእስሩ ወዲህ ነው፣ ሽበት ከጀመረኝ በኋላ። የተማረ ሰው ያንን ቅዱስ በመጽሐፍ ያገኘዋል፤ እኔ በጉልበቴ ነው ያገኘሁት። አሁን ዋራበሌ የሚባል ሰፈር እኖራለሁ። አልጋ አለኝ፤ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ። ቅዱስ የመሆን ሐሳብ የለኝም።

ያ ወዳጄ ዛሬም መኪና ላይ ነው። ጭነት ይዞ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆሞ ይስላል። ማነው ብዬ አልጠይቅም።

«ግባ» እለዋለሁ፤ «ክፍት ነው።»