ሰባት ቀን የሚጠጣ ድልድይ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ሲታደስ ውሃ አጠጪ ነበርኩ። ሞባይል ገና በየሰው እጅ ያልገባበት ጊዜ ነው። የድልድዩ ግማሽ ተዘግቶ አዲስ ኮንክሪት ይሞላል፤ በሌላው ግማሽ ተሳቢው ሁሉ በተራ ያልፋል። የእኔና የአንዲት ጠና ያሉ ሴት ሥራ ከወንዙ በጀሪካን እየቀዳን ኮንክሪቱ ላይ የተነጠፈውን ጆንያ ሰባት ቀን ሙሉ ማራስ ነበር። ካልራሰ ይሰነጠቃል፤ ሰባት ቀን ሳይሞላውም ጭነት አይችልም። ይህን ያስተማረን ራሱ ፎርማኑ ነው።

በአራተኛው ቀን ክፍት በሆነው በኩል አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆመ። ከኋላው የተሰለፉት ሾፌሮች በጥሩምባ አደነቆሩን። ፎርማኑ መዝጊያውን ድንጋይ አስነሳና በእኛ ጆንያ ላይ ለቀቃቸው።

«ጋሼ፣ ገና አራት ቀኑ እኮ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«አራስ ነው እንዴ ቀን የምትቆጥሪለት? ሂጂ፣ ውሃሽን ቅጂ!» አለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ።

ጎማ የቀዳደደውን ጆንያ ስናነሳ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አየን። ፎርማኑም አይቷል።

በሰባተኛው ቀን፣ ኮንክሪቱ ሬንጅ ከመልበሱ በፊት፣ መሐንዲሱ ሊያየው ይመጣል ተባለ። «ዛሬ ውሃ እንዳትነኩ» አለን ፎርማኑ። ገባኝ። ኮንክሪቱ ደረቅ ሲሆን ስንጥቁ አይታይም፤ ከረጠበ ግን ሌላው ቶሎ ይደርቅና ስንጥቁ ብቻ ጠቁሮ ይቀራል። በዚያ ድልድይ የሚያልፈው ደግሞ የእኛው ሰው ነው።

«ተይ የኔ ልጅ፣ ከእንጀራሽ ትነቀያለሽ» አሉኝ ባልደረባዬ። ሁለት ጀሪካን ደፋሁበት።

መሐንዲሱ ጎንበስ አለ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ምን ላድርግ፣ እነዚህ ሴቶች በደንብ አላጠጡትም። ፀሐይ ነው የሰነጠቀው» አለ ፎርማኑ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጀርባችን የተላጠው ታዲያ ምን ተሸክመን ነው? ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ ልጅ፣ አፌ ተከፈተ።

«ጌታዬ፣ ፀሐይ ጎማ አላት? ይዩት፣ በሁለት መስመር ነው የሄደው።»

መሐንዲሱ መስመሩን ተከትሎ እስከ ጫፍ ሄደ። ተመልሶ «ይፍረስ» አለ።

ፈርሶ እንደገና ተሞላ። እኔን ፎርማኑ በማግስቱ አባረረኝ፤ እሱ እዚያው ቀረ። መባረሩስ ይሁን። ያባረረኝ ግን «ሥራዋን አልሠራችም» ብሎ ነው። ሰባቱንም ቀን አጠጥቻለሁ። የሰባተኛውን ቀን ውሃ እንኳ፣ እሱ የከለከለውን፣ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።