ጭቃው እስኪሸት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሶዶ

የዳሞታ ተራራ ገና ጉም እንደተከናነበ ነው። መናኸሪያው ግን ነቅቷል፤ "ገሱባ! ገሱባ!" የሚለው ጥሪ እንቅልፍ የተረፈውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ አዲስ የላስቲክ ቦቲ ይዣለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ደግሞ ሐፍረት አለ። የምሄደው ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገሱባ ወዲያ ያለ አንድ መንደር መዋዕለ ሕፃናት በራሱ እጅ እየሠራ ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወንዙን ስለማይሻገር፣ ባሕር ዛፉንም ቀርከሃውንም አፈሩንም ከደጃቸው አወጡ። እኔ ሶዶ ኮንስትራክሽን አስተምራለሁና እንዳማክራቸው ተጠራሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስደርስ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ጭቃ ሽታው አያስቀርብም ነበር። "ይኼ ለልጆች ጤና አይሆንም፤ አዲስ አቡኩና ዛሬውኑ ምረጉት" ብዬ አዘዝኩ። መረጉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ባለፈው ማክሰኞ አስተማሪዋ ብዙነሽ ደወለችልኝ።

"ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴን ያስገባል። ወላጆች ልጅ አናስገባም እያሉ ነው። ዝናቡ ሳይደርስ ካልተስተካከለ ይፈርሳል፤ ልጆቹ ዘንድሮም ዛፍ ሥር ቀሩ ማለት ነው።"

2 ሰዓት፣ ገሱባ

መንገዱ ወገብ ይፈትሻል። ሹፌሩ ቦቲዬን አይቶ ሥራዬን ጠየቀኝና፣ "ታዲያ ኢንጂነር ከሆንሽ መጀመሪያ ይኼን መንገድ አትሠሪም?" አለኝ።

"መንገድ አላውቅም። ግድግዳም እንደማላውቅ ገና ማክሰኞ ነው የሰማሁት።"

ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ገበያው ዳር ቦይና የሚሉትን የጎደሬ ቅቅል በዳጣ እያጠቀስኩ በላሁ። ዳጣው ምላሴን ቢያቃጥለኝም ድፍረት ሰጠኝ። ከዚያ ሞተር ተከራይቼ ቀዩን አቧራ እየቃምኩ ወደ መንደሩ ወረድኩ።

3 ሰዓት፣ መንደሩ

ሰው ተሰብስቧል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲሠሩ የኖሩት ጋሽ ዳና ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ተናገርኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሽ ዳናን ሳልጠይቅ አዘዝኩ። ግድግዳውን ልጠን እንደገና እንምረገው።"

ከኋላ አንዲት እናት ተነሣች። "ኢንጂነር አጥፍታ ልጆቻችን ይቀጡ እንዴ? ብሎኬት እንጠብቃለን።"

"እስከ መቼ?" አለች ብዙነሽ።

ጋሽ ዳና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጓሮ መሩን። የተደራረበ የእንሰት ቅጠል ገለጡ። ያ የኮነንኩት ጭቃ ነው፤ ጠቁሯል፣ ሽታውም ብሷል።

"አንቺ አዝዘሽ ሄድሽ፤ እኔ ግን አልደፋሁም። ጭቃው ካልሸተተ አልበሰለም። ጭዱ ሲበሰብስ ነው አፈሩን የሚይዘው። ሲደርቅ ሽታው ይሄዳል።" ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "የእኔ ቤት ይሸታል?"

"ኧረ አይሸትም" አለች፣ ሳትወድ።

"ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?"

"ወረቀት ይዘሽ ነበር" አሉ።

ፊቴ ጋለ። ቦቲዬን ማጥለቅ ጀመርኩ።

"እሱን ተይው" አሉኝ። "በቦቲ ጠጠር አይታወቅም፤ እግር ነው የሚያውቀው።"

በባዶ እግሬ ገባሁ። ጭቃው ቀዝቃዛና የሚያዳልጥ ነው። ጠጠር ሲወጋኝ ጎንበስ ብዬ እያወጣሁ ወረወርኩ። ወንዶቹ የተሰነጠቀውን ምርጊት አራገፉ፤ ከሥሩ በቃጫ የታሰረው ቀርከሃ ምንም አልሆነም። ጋሽ ዳና እፍኝ ሙሉ ጭቃ ወርውረው በመዳፋቸው ጫኑት፤ እንደተለጠፈ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ያቺ እናት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ መጣች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጎኔ ገባችና ትረግጥ ጀመር። ቀኑን ሙሉ አላረፍንም፤ 10 ሰዓት ላይ አራቱም ግድግዳ ተመርጎ አለቀ።

11 ሰዓት፣ ወደ ሶዶ

ከወንዙ ታጥቤ ተሳፈርኩ፤ ሽታው ግን አብሮኝ ተሳፍሯል። ቦቲዬ እንደ አዲስ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ሦስቴ አሸተተችና መስኮቱን ከፈተች።

"ኤዲያ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?"

"ትምህርት ቤት ነው" አልኳት። "ሲደርቅ ይተዋል።"